ከመምታት በፊት ማቆም፦ ሕፃናትን ለምታሠለጥኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጥቁር ቀበቶ ከታጠቃችሁ ብዙ ያልቆያችሁ፣ ዋናው አሰልጣኝ «የቅዳሜ ጠዋቱን የሕፃናት ክፍል ያዝልኝ» ወይም «ያዥልኝ» ብሏችሁ ደስ እያላችሁ የተቀበላችሁ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቴኳንዶ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በአንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ በተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ምንጣፍ አላችሁ፤ የደረትና የራስ መከላከያም አታጡም። ሆኖም ልጅን የሚጎዳው የዕቃ እጦት ብቻ አይደለም። ይህን የተማርኩት በገዛ እጄ ባጠፋሁት ጥፋት ስለሆነ ልንገራችሁ።

በ1992 ዓ.ም. ነው። ሁለት ልጆች እርስ በርስ አጋጠምኩ። አንዱ የአሥራ አንድ፣ ሌላው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ቀበቷቸው አንድ ስለሆነ እኩል ናቸው ብዬ አሰብኩ። ትልቁ ዞሮ የሰነዘረው እርግጫ ትንሹን ከጆሮው በላይ መታው። ልጁ አልወደቀም። ዓይኑን እያርገበገበ ቆመ። «ደህና ነህ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ! ጀግና አያለቅስም፤ ቀጥል!» አልኩ፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። ቀጠለ። ያን ዕለት ማታ ደጋግሞ አስመለሰው፤ የእኅቱ ስም ጠፋበት፤ ተሸክመው ሐኪም ቤት ወሰዱት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። በማግሥቱ ልጠይቀው ስሄድ እናቱ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «አደራ ብዬ አልሰጠሁህም?» ነው ያለችኝ። ልጁ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ተሸክሜ እስከ ዛሬ እመለሳለሁ።

ስሕተቴ የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቀበቶ የሚነግራችሁ ልጁ ምን ያህል እንደተማረ ነው፤ የአጥንቱን ውፍረትና የአንገቱን ጥንካሬ አይነግራችሁም። በአሥራ አንድና በአሥራ አራት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በአዋቂዎች ዘንድ ከምናውቀው የሦስት ዓመት ልዩነት ጋር አይመሳሰልም። አንዱ ገና ሕፃን ሲሆን ሌላው ወደ ጎረምሳነት ተሻግሯል። ስለዚህ ልጆችን ስታጋጥሙ በመጀመሪያ ክብደትና ቁመት፣ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ከዚያም ጠባይ ተመልከቱ። ጠባይ ስል የምሬን ነው። በእልህ የሚመታ ልጅ አለ፤ ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመታ አለ። ሁለቱም ለሌላው አደገኛ ናቸው። ፈሪው ደግሞ እግሩ የት እንደሚያርፍ አያይም፤ እኔ ይበልጥ የምሰጋው እርሱን ነው።

ሌላው ስሕተቴ ጥያቄው ነበር። በጓደኞቹ ፊት የቆመ ልጅ «ደህና ነህ?» ሲባል ሁልጊዜ «አዎ» ይላል። ራሱን የተመታን ልጅ ወደ ጎን ውሰዱትና የሚያስብበትን ጠይቁት። ዛሬ ምን ቀን ነው? ከማን ጋር ተጋጠምክ? ከዚያ በፊት ምን ስንሠራ ነበር? መልሱ ከዘገየ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ያለ ምክንያት ካለቀሰ አንጎሉ ተናግቷል ብላችሁ ያዙት። አብዛኛው የአንጎል መናጋት ራስን አያስትም፤ «ካልወደቀ ምንም አልሆነም» የሚለው የድሮ አስተሳሰባችን ፍጹም ስሕተት ነበር። የራስ መከላከያውም ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይንገጫገጭ አያግድም። እንዲያውም የራስ መከላከያ ያደረገ ልጅ የማይጎዳ እየመሰለው አብዝቶ ሲደፋፈር አይቻለሁ። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ የሚሸከመው አንገት ደግሞ ቀጭን ነው። ለእናንተ ቀላል የሚመስላችሁ ምት ለእርሱ ቀላል አይደለም።

እንዲህ የሆነ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም። አሸናፊ ለመሆን አንድ ነጥብ ቢቀረው፣ አባቱ ቢለምን፣ ልጁ ራሱ ቢያለቅስ አይመለስም። አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መራመድ፣ መሮጥ፣ ብቻውን እርግጫ መለማመድ ይችላል። ከሰው ጋር መጋጠም ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነው፤ እርሱም ሐኪም አይቶ ሲፈቅድ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እንቅልፍ ወስዶት አልነቃ ካለ ወይም የዓይኑ ብሌኖች መጠን ከተለያየ ግን ጊዜ አትስጡት፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት።

እኛ ጋ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን የመሠረተባት ጃፓን እንኳ ይህን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በትምህርት ቤት ጁዶ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ አወዳደቅ እንኳ በቅጡ ያልተማሩ ጀማሪዎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜም ለሞት ያበቃቸው የራስ ጉዳት ነው። ኦሶቶ ጋሪ የሚባለውን፣ የተጋጣሚን እግር ከውጭ በኩል ጠርጎ ወደ ኋላ የሚጥለውን ስልት አስቡት፤ መውደቅ የማይችል ልጅ በማጅራቱ ነው የሚያርፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጎጂ ልጆች ወላጆች ማኅበር አቋቁመው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ነው አሰልጣኞች ስለ ራስ ጉዳት መማር የጀመሩት፤ ሟቾቹም በእጅጉ የቀነሱት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ የግል ውድድር ጨርሶ ሰረዘው። ምክንያቱም ወላጆችና አሰልጣኞች ከልጆቹ ይልቅ ድልን ማሳደዳቸው ነበር። ዓለምን ጁዶ ያስተማረች አገር ለሕፃናት ስትል የገዛ ውድድሯን ካስቀረች፣ እኛ አንድ የሰፈር ግጥሚያ ማስቀረት ሊያሳፍረን አይገባም።

የታይዋኑን ታሪክ ስጽፍ እጄ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታይቹንግ ከተማ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በጁዶ ክፍል ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ወለል ላይ ተወረወረ። ራሴን አመመኝ ብሏል፤ አስመልሶታልም። አሰልጣኙ ግን የሚያስመስል መሰለው። ልጁ ከሁለት ወር በላይ ራሱን እንደሳተ ቆይቶ ሞተ፤ አሰልጣኙም የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልጁ ተናግሮ ነበር። ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ተናግሮ ነበር።

ስለዚህ በእኔ አዳራሽ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ትምህርት «በቃኝ» ማለት ነው። ልጁ እጁን ያነሣል ወይም መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ይቆማል። ለምን እንዳቆመ በሰው ፊት አልጠይቀውም። እያስመሰለ ሊሆን ይችላል? አዎ፣ አንዳንዴ ያስመስላል። ቢያስመስል የሚጠፋው አንድ ዙር ልምምድ ነው። በልጅነታችን በገጠር መስክ ላይ ትግል ስንታገል ጀርባው መሬት የነካ ልጅ ላይ እጁን የሚያነሣ አልነበረም፤ ቢያነሣ እረኛው ሁሉ ይነሣበት ነበር። ይህ ሥርዓት ከውጭ የመጣብን አይደለም።

አሁን ወደ ንክኪው መጠን ልምጣ። ከአሥር ዓመት በታች ላሉት ልጆች እኔ ግጥሚያ የምለው ጨዋታ ነው፤ ትከሻ መንካት፣ ከወገብ ላይ ጨርቅ መንጠቅ፣ መሸሽና መዞር። እግር ወደ ሰው አይላክም። ከዚያ በላይ ላሉት፣ መከላከያ በለበሰ ደረትና ሆድ ላይ ብቻ ነው የምፈቅደው፤ እርሱም የጨዋ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳ ያህል ይሁን። በር የሚሰብር እንግዳ አይደለንም። ጭንቅላት፣ ጉሮሮ፣ ጀርባና ጉልበት ፈጽሞ አይነኩም። ይህ የእኔ ፈሪነት እንዳይመስላችሁ፤ በዓለም አቀፉ የካራቴ ፌዴሬሽን ደንብም ከ14 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ውድድር ፊትና ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ቀላል ቢሆንም ያስቀጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ማርሻል አርት ለልጆች ጠቃሚ መሆኑን ተቀብሎ፣ ንክኪ ያለበት ግጥሚያ ግን ልጁ ስልቱን በሚገባ እስኪችል እንዲዘገይ መክሯል።

ችግራችን ልጆቹ የሚያዩት ነገር ነው። በኦሊምፒኩ ቴኳንዶ ደረት ላይ ያረፈ ቀጥተኛ እርግጫ 2 ነጥብ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ዞሮ ጭንቅላት የመታ 5 ነጥብ ያገኛል። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቀርብ ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሁሉ እግራቸውን ወደ ጓደኛቸው ፊት ሲያነሡ አገኘኋቸው። አስቀምጬ ነገርኳቸው፤ እርሱ አዋቂ ነው፣ ተጋጣሚውም አዋቂ ነው፣ በአጠገባቸው ሐኪም ቆሟል፣ ሁለቱም የሚገቡበትን አውቀው ፈቅደው ነው የገቡት። የስምንት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ቢመታ ምን እንደሚመጣ አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ ሊፈቅድ አይችልም።

ደረት ላይም ቢሆን መከላከያ አለ ብላችሁ አትዘናጉ። የልጅ ጎድን ለስላሳ ስለሆነ ልቡ ላይ በክፉ ሰዓት ያረፈ ምት የልብን ምት ሊያቆም ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው፤ በሆነ ጊዜ ግን የሚቀራችሁ ደቂቃ ብቻ ነው። ደረት እየተጫኑ ልብን የሚያስነሡበትን የመጀመሪያ ርዳታ ሳትማሩ የሕፃናት ክፍል አትያዙ።

ከምቱ በላይ በዝምታ የምናልፋቸው ነገሮችም አሉ። እግር ይከፈት ብሎ የልጅ ጀርባ ላይ መቀመጥ ወይም ጉልበቱን በእግር መጫን በብዙ አዳራሾች አሁንም አለ። እኔም ተደርጎብኛል፤ የቀኝ ጭኔ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ገና በማደግ ላይ ያለ ለስላሳ ክፍል አለው፤ ጅማት ከመበጠሱ በፊት እርሱ ይጎዳል። በባዶ ሲሚንቶ ላይ በጡጫ የሚሠራ ፑሽ አፕም እንዲሁ ነው። እግሩን ሲከፍት ልጁ በራሱ ክብደት፣ በራሱ ትንፋሽ ይውረድ። ወሩ ቢረዝም ይርዘም።

አርፍዶ የመጣን ልጅ በቀበቶ መግረፍስ? «ዓይኑን ብቻ ይተዉለት እንጂ ይቅጡልኝ» ያሉኝ አባቶች ብዙ ናቸው፤ በቅንነት ነው የሚሉት፤ እነርሱም እንዲሁ ነው ያደጉት። እኔ ግን ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚይዙ ተቋማት ውስጥ የአካል ቅጣትን እንደከለከለ እነግራቸዋለሁ። ቀበቶውን ልጁ ወገቡ ላይ በክብር እንዲታጠቀው ነው የሰጠነው። በዚያው ቀበቶ ስንገርፈው ምን እያስተማርነው እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ስለ እጃችሁም ልናገር። አቋም ለማስተካከል ልጅን መንካት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አስቀድማችሁ በራሳችሁ ገላ አሳዩ፤ ካልገባው «ክርንህን ላስተካክልልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክርኑንና ተረከዙን ብቻ ነክታችሁ እጃችሁን መልሱ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከልጅ ጋር ብቻችሁን አትግቡ፤ ለብቻው የሚሰጥ ሥልጠና በሩ ክፍት ሆኖ፣ ወላጅ ባለበት ይሁን። ማታ ማታ ለልጅ በስልክ መልእክት አትጻፉ፤ የምትሉት ካለ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ንገሩ። ልጅን «ይህን ለማንም እንዳትነግር» የሚል አሰልጣኝ ካያችሁ፣ ማስተርም ቢሆን፣ ያስተማራችሁም ቢሆን፣ ዝም አትበሉ። እኛ ዘንድ ታላቅን ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ አክብሮታችን ግን የልጅን ጩኸት መሸፈኛ መሆን የለበትም። ይህን ስጽፍ የማስባቸው ፊቶች አሉ።

ወላጆችን ከአዳራሹ አታስወጡ። «ልጆቹ ይዘናጋሉ» የሚል ሰበብ እሰማለሁ። ይዘናጉ፤ ይለምዱታል። ስትመዘግቡም የወላጅ ስልክ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ቀድሞ የደረሰ የራስ ጉዳት ካለ ጠይቃችሁ በደብተር ያዙ። በዕለቱ የተመታ ልጅ ካለ ለወላጁ በዚያው ሰዓት ንገሩት፤ ማታ ልጁን የሚያየው እርሱ ነውና።

በእኛ ቴኳንዶ ልጆቹ በቃላቸው የሚሏቸው አምስት መርሖች አሉ፤ አራተኛው ራስን መግዛት ነው። ጮኸው ይሉታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን በሰውነታቸው ካልተማሩት ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማስተምረው በወረቀት ነው። አንድ ነጠላ የደብተር ወረቀት በሁለት ጣቴ ይዤ ከልጁ ፊት አንጠለጥላለሁ። በሙሉ ኃይሉ እርግጫውን ይልካል፤ ወረቀቱ በእግሩ ነፋስ መወዛወዝ አለበት፤ እግሩ ግን ሊነካው አይገባም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ልጆቹም በደስታ ይጮኻሉ፤ ሌላ ወረቀት አነሣለሁ። በሁለተኛው ወር ገደማ ጥቂቶቹ ይችሉታል። ያን ጊዜ በመካከላቸው የሚሆነውን ብታዩ ደስ ይለኛል፤ ማንም ሳያዛቸው ዝም ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የጓደኛቸውን እግርና ያችን ወረቀት ይመለከታሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ደብተር ይዛችሁ ግቡ።