ለውሻ ማልቀስ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ልጆቼም ውጭ አገር ስለሆኑ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ውሻዬ ቡቺ ነበርን። እውነቱን ለመናገር ከሰው ይልቅ እሱ ይሻለኝ ነበር። ሰሞኑን ታሞ ሞተብኝ። ባለቅስ ባለቅስ አልወጣልኝም። ጎረቤቶቼ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ? ኃጢአት ነው» ብለው ሳቁብኝ። እውነት ኃጢአት ነው? ነፍሱስ ወዴት ትሄዳለች? በስሙ ተዝካር ቢጤ ባደርግስ? ሌላ ውሻ ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለውሻ ተብሎ ይህ ቃል አይባልም የሚል ካለ፣ እኔ ብያለሁ።

ማልቀስዎ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ የነገረውን ታሪክ ያስታውሱ (2ኛ ሳሙ. 12)። ድሃው ሰው አንዲት በግ ብቻ ነበረችው። ከእንጀራው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች። እንደ ልጁ ነበረች ይላል መጽሐፉ። ዳዊት ይህን ሰምቶ «ለበግ ይህን ያህል?» አላለም። በጓን በወሰደው ሰው ላይ ተቆጥቶ ሞት ፈረደ።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕልም ቀረብ ብለው ይዩት። ወር በገባ በ5 ስንዘክራቸው ዓይናችን የሚሮጠው ወደ አንበሶቹና ወደ ነብሮቹ ነው። ከፊታቸው ግን አንዲት ወፍ አለች። ውኃ ጠምቷት የመጣች ናት፤ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ጻድቁ «እሽ!» ብለው አላባረሯትም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ሐዘንዎን እንደ ቀልድ አያዩትም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። እናት ልጇን ስታጠባ የሚመነጨው ያው ሆርሞን ነው። በዚያ ላይ ውሎዎ ሁሉ ከቡቺ ጋር የተያያዘ ነበር። ጠዋት በር ሲከፍቱ እሱ አለ። ከማዕድ የተረፈው የእሱ ነው። ማታ ኮቴ ሲሰማ የሚጮኸው እሱ ነው። አሁን እጅዎ በልማድ ፍርፋሪውን ይሰበስብና የሚሰጠው ያጣል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል። ለቡቺ ማንም አልመጣም። አልወጣልኝም ቢሉ ምን ይገርማል?

ስለ ነፍሱ ግን ላጽናናዎት ብዬ የሌለ ትምህርት አልፈጥርም። ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት (የምታስብ፣ የምትናገር፣ ለዘላለም የምትኖር) ነፍስ ያለችው ለሰው ብቻ ነው። የእንስሳ ነፍስ ደማዊት ናት፣ ከሥጋው ጋር ታልፋለች። ስለዚህ ፍትሐትም ተዝካርም የለም። ያሰቡትን ገንዘብ ለነዳያን ይስጡት፤ አብራችሁ ስለኖራችሁበት ዘመንም ፈጣሪን ያመስግኑ። ጌታ ስለ ድንቢጦች ሲናገር አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም ብሏል (ሉቃ. 12፥6)። እግዚአብሔር ለነነዌ ከተማ እንደሚራራ ለነቢዩ ዮናስ ሲነግረውም «ብዙ እንስሶች» ብሎ ነው የጨረሰው። እዚያ ከተማ እንስሶቹም ጾመው ነበር። (በነገራችን ላይ፣ በጾም ለውሻ አጥንት መስጠት ይቻላል ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ አሉ። ይቻላል። ጾሙ የእኛ ነው።)

ከጥያቄዎ ያሳሰበኝ «ከሰው ይልቅ እሱ ይሻለኝ ነበር» ያሉት ነው። ይገባኛል። ውሻ አያማም፣ አይከራከርም፣ ያለፈ ቂም አያነሣም። ሰው ግን ይከብዳል። ውደዱ ተብለን የታዘዝነው ደግሞ ይህንኑ የሚከብደውን ነው። ስለሳቁብዎ ደጅዎን አይዝጉባቸው። ከመካከላቸው ለስለስ የምትለውን ቡና ይጥሯትና «የምር አዝኛለሁ» ይበሏት። የጽዋ ማኅበርም ካለዎትና ከቀሩ ይመለሱ። የንስሐ አባትዎም ይህን ሐዘን ይስሙት።

ሌላ ውሻ ማምጣት ይችላሉ፣ ግን አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይህኛው ሐዘን ይብረድልዎ። አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ኪዳን ሳያደርስ የማይውል ሰው ግቢ ውስጥ ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት አያለሁ። የውኃ ጣሳው ደርቋል። ያው ሰውዬ «ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለውን (ምሳ. 12፥10) በቃሉ ያውቀዋል። እርስዎ እንዲህ እንደማያደርጉ ከጥያቄዎ ያስታውቃል። አዲሱን ካመጡ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው ያስከትቡት። እርስዎ ቢታመሙ ወይም ልጆችዎ ጋ ቢሄዱ ማን እንደሚያበላውም ሳያመጡት በፊት ከጎረቤቶችዎ ጋር ይነጋገሩ።