መጋዘን፣ ካዝና፣ ለገሀር

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው፤ ያደግነው ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ወንድሜ «መጋዘን» ድሮም አማርኛ ነው፣ እንደ «መዝገብ» በ«መ» ይጀምራል ይላል። እኔ ከባቡሩ ጋር የመጣ የፈረንጅ ቃል ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ እናታችን፣ ሰፈራችን ያለው አሮጌ መጋዘን ካፌ ከሆነ በኋላም «መጋዘኑ ጋ ጠብቁኝ» ትለናለች። ስህተት አይደለም? «ዴፖ» ቢባልስ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። የቃሉ ሥር ዐረብኛ ነው። «ኸዘነ» አከማቸ፣ «መኽዘን» ማከማቻ ማለት ነው። የዐረብኛዋ «መ» እንደኛዋ የቦታ ስም ታወጣለች፤ የወንድምዎ ጆሮ አልዋሸውም። ግን «ጋዘነ» የሚል ግስ አማርኛ የለውም።

ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን «ማጋዚኖ»፣ ፈረንሳይ «ማጋዛን» አሉት። እኛ ዘንድ የደረሰው ከዚያ ዞሮ ነው። የምታሳብቀው «ጋ» ናት። በቀጥታ ከዐረብ ብንወስደው «መከዘን» ቢጤ እንል ነበር። ካዝናን ይዩት። እሱም የዚያው የ«ኸዘነ» ልጅ ነው፤ ግን «ኸ»ው «ካ» ሆኖ ቀረ እንጂ «ጋ» አልሆነም። ወንድማማቾቹ በየበኩላቸው መጥተው አንድ ነጋዴ ግቢ ተገናኙ፦ ቡናው መጋዘን፣ ብሩ ካዝና።

ድሬዳዋ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ መገናኘት የተመቸች ናት። ሀዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው አስቸገረና ሜዳውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። የባቡር ኩባንያው ከዚራን በቀጥታ መንገዶች ቀየሰ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ሰፈር አደገ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ስለሆነ፣ የመስመሩ ጫፍ ለዓመታት እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲያ በግመልና በበቅሎ ነው። ከፉርጎ የወረደ ዕቃ ግመል እስኪመጣለት የት ይደር? መጋዘን ነዋ!

ፉርጎም ፈረንሳይኛ ነው። ሀዲድ ግን ዐረብኛ ነው፣ «ብረት» ማለት። ለገሀር ከነመስተአምሩ፣ ከነ«ላ»ው፣ ተገንጥሎ የመጣ «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት። ለገጣፎና ለገዳዲን የለመደ ጆሮ የኦሮምኛው «ለገ» (ወንዝ) ይመስለዋል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። «ለገሀር ጣቢያ» የሚል ሰው «ጣቢያው ጣቢያ» ማለቱ ነው። እኔም እላለሁ፣ ምን ይደረጋል።

ወደ እናታችሁ ስንመለስ፣ አትሳሳትም። የሰፈር ስም ዕቃው ስለሄደ አይሄድም። አዲስ አበባ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ፤ በምኒልክ ዘመን የመጣ የእንፋሎት ሞተር እዚያ ተበላሽቶ ቆሞ ነው ስሙን የሰጠው። ዛሬ ሞተሩ የለም፤ የታክሲ ረዳቱ ግን «ሰባራ ባቡር!» እያለ ይጣራል።

«ዴፖ» ግን አይሆንም። ያም ፈረንሳይኛ ነው፣ ሥራው ግን ተለየ። ነዳጅ የሚቀመጥበትና አውቶቡስ የሚያድርበት ዴፖ ይባላል፤ ሸጎሌ ዴፖ፣ የካ ዴፖ እንደምንለው። እናታችሁ «ዴፖው ጋ» ብትል አውቶቡስ ትጠብቃላችሁ።