31ኛ የወጣው ጎበዝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ 4ኛ ክፍል። ማንበብ የጀመረው 4 ዓመት ሳይሞላው ነው። ሱቅ ስንሄድ መልሱ ስንት እንደሆነ ከባለሱቁ ቀድሞ ይነግረኛል። ካርዱ ሲመጣ ግን ከ58 ተማሪ 31ኛ! አስተማሪው «ደብተር አይጽፍም፣ ይፈዛል» ይሉኛል። አባቱ «ስንፍና ነው» ብሎ ቴሌቪዥን ከለከለው። እህቴ ደግሞ ደብል ይምታ ትላለች። ማንን ልስማ?
ግራ የገባት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደብተሩን ይዘሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። የተሳሳተውን ተይውና የዘለለውን እዪ። ቀላሉን ዘሎ ከባዱን ከሠራ ሰልችቶታል ማለት ነው። በአፉ የሚመልሰውን መጻፍ ካቃተው ግን ችግሩ እጁ ወይም ዓይኑ ጋ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን አስመርምሪው። ስንቱ «ፈዛዛ» የተባለ ልጅ ሰሌዳው አይታየውም ነበር መሰለሽ!

እኔም ሒሳብ ሳስተምር የሠራሁት ጥፋት አለ። የቤት ሥራ 25 × 16 ሰጠሁ። አንዱ ልጅ 400 ብቻ ጽፎ መጣ፤ አሠራር የለ፣ ምን የለ። «ኮርጀሃል» ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ አወጣሁትና 35 × 18 ጻፍኩለት። ጠመኔ እንኳ ሳይነካ «630» አለ። እንዴት? «35ን እጥፍ አድርጌ 18ን ለሁለት ከፈልኩት፤ 70 በ9።» ዜሮውን ሰረዝኩ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ክፍሌ ውስጥ እጁን አላወጣም።

ፈተናም ቢሆን ይስታል። ሉዊስ ተርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች መምረጥ ሲጀምር፣ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ተፈትነው ሳይመረጡ ቀርተዋል። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

ደብል መምታቱን ለጊዜው ተይው። የተሳካላቸው አይቻለሁ፤ ግን 31ኛ በወጣ ካርድ ማን ይፈቅድልሻል? ይልቅ አስተማሪውን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ ከሚደጋግም ሦስት ከበድ ያሉ ሠርቶ ቢያመጣስ? ታዲያ «ልጄ ሊቅ ነው» እያልሽ እንዳትገቢ። 58 ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ለዚያ ወሬ ጆሮ የለውም።

አባቱም ቴሌቪዥኑን ይመልስለት። ቤት ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ካለ ከካቻቪቴ ጋር ስጪው። ከሶኬት መነቀሉን ብቻ አረጋግጪ።