ለማር ጠርሙስ የትኛው የሙቀት ማተሚያ ይሻላል?

ሰላም ለእርስዎ። ለማር ጠርሙሶችዎ መለያ ማተሚያ ሲገዙ፣ ሪባን (ቀለም የተቀባ ስስ ጥቅልል) የሌለው ይሻላል ወይስ ያለው ብለው ጠይቀዋል። ሪባን ያለውን ይግዙ።

ሪባን የሌለው የሚያትመው ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ልዩ ወረቀት ላይ ነው። የሱቅ ደረሰኝ በጥፍርዎ ፈጠን አድርገው ቢፍቁ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ወረቀቱ የዚያ ዓይነት ነው። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይበላሻል። እኔ በበርበሬ ማሸጊያዎቼ ላይ ተጠቅሜበት፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ደብዝዞ ባለሱቁ ዕቃውን መልሶልኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚያስፈልግ የዕቃ መላኪያ አድራሻ ግን እጅግ ጥሩ ነው።

ሪባን ያለው ቀለሙን በሙቀት አቅልጦ መለያው ላይ ያሳርፋል። ዋናው ጉዳይ የሪባኑ ዓይነት ነው። የሰም ሪባን ርካሽ ቢሆንም በቀላሉ ይፋቃል፤ ማር ደግሞ በጠርሙሱ ጎን መንጠባጠቡ፣ እርስዎም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግዎ አይቀርም። ስለዚህ ሰምና ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) የተቀላቀለበትን ሪባን ከፕላስቲክ መለያ ጋር ይጠቀሙ። ሪባኑ ከመለያው ጥቂት ሰፋ ይበል፤ የመለያው ጠርዝ የማተሚያውን ራስ (ሙቀት ሰጥቶ የሚያትመውን ክፍል) እንዳይፍቀው ይከላከላል።

አብዛኞቹ ባለ ሪባን ማተሚያዎች ሪባኑ ወጥቶ በደረሰኙ ዓይነት ወረቀትም ያትማሉ፤ አድራሻ ማተም ቢያስፈልግዎ ሁለተኛ ማሽን አይገዙም።