የጉድለቱ ወረቀት

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 2 ሰዓት እወጣለሁ፤ ከመሃል ያለኝ የምሳ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እንዲህ ነው። ደመወዜ ሳይጣራ 6,240 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «ደመወዛችሁ ውስጥ አለ» ይለናል፤ ውላችን ላይ ግን እንደዚያ የሚል የለም። ቆጠራ ሲኖር እሑድም ይጠራናል፤ የሚሰጠን ምሳ ነው። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፑ «ነገ 1 ሰዓት ግቡ» ብሎ ይጽፋል፤ ተኝቶ ያላየ ሰው እንዳረፈደ ይመዘገብበታል። ዓመት በዓል ሲሆንማ ጭራሽ አይነሣ። ለእኛ ሰዓት ማለት እነሱ ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው።

የመሳቢያ ገንዘብ ጎደለ እየተባለም በየወሩ ይቆረጥብኛል፤ ባለፈው ወር 2,600 ብር ሄዷል። ምሳ ስወጣ ልጆቹ በእኔ የሽያጭ ማሽን ኮድ ስለሚሸጡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ደመወዝ ስንቀበል የጉድለቱን ወረቀት አብረን እንፈርማለን፤ ረጅም ስለሆነ ብዙም አላነበውም። ለሥራው ዋስ የሆነኝ ተያዤ አጎቴ ነው፤ እሱን በዚህ ማስጨነቅ አልፈለግሁም። ዋናው ንዴቴ ትርፍ ሰዓቱ ነው።

አሁን ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ የልምድ ወረቀት ይፈልጋሉ። እዚህ ደግሞ «ክሊራንስ ሳትጨርሺ አይሰጥሽም» ብለውኛል፤ ዕዳ እንደሌለብኝ ሳይረጋገጥ ማለታቸው ነው። ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብዬ ብቀርስ? የሁለት ዓመቱን ገንዘቤን በኋላ በክስ አገኘዋለሁ?

ታጋሿ ነኝ

እህቴ፣

ስለ ትርፍ ሰዓቱ ብዙ ጽፈሻል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን «ብዙም አላነበውም» ብለሽ ያለፍሽው ወረቀት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖረው፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀለው የመጨረሻው ነው፤ እሱን ደግሞ በየወሩ በገዛ እጅሽ ትሰጪዋለሽ። ተስማምተሽም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ አይችልም። የ6,240 ሲሶ 2,080 ነው፤ ባለፈው ወር 520 ብር ከጣሪያው በላይ ተወስዶብሻል። ከእንግዲህ ካላነበብሽ አትፈርሚ። ካስገደዱሽ ከፊርማሽ አጠገብ «አይቼዋለሁ፤ አልተስማማሁም» ብለሽ ቀን ጻፊና ፎቶ አንሺው።

ሁለት ሰው በአንድ ኮድ በሸጠበት መሳቢያ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ይህን አለቃሽም ያውቃል። ካሸር በሌለችበት የሚቆጥር አሠሪ የሚፈልገው ባለዕዳ ነው ባይ ነኝ። ምሳ ስትወጪ ኮድሽን ዝጊው፤ ተተኪሽ በራሷ ኮድ ትግባ። ይህ ካልተፈቀደ ኤክስ ሪፖርት (እስከዚያ ሰዓት የተሸጠውን የሚያሳየውን የማሽኑን ወረቀት) አውጥታችሁ ጥሬ ገንዘቡን በኖት በኖቱ ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ማታ ዜድ ሪፖርት (የቀኑ መዝጊያ ሒሳብ) ሲወጣ ብቻ የሚቆጥሩ ካሸሮች ናቸው የሚከስሩት፤ ያን ጊዜ የቀኑ ሁሉ ተደባልቋል። አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ፦ ደንበኛ በቴሌብር ወይም በፖስ (በካርድ ማሽን) ከፍሎ ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ ከተመታ መሳቢያው የጎደለ ይመስላል፤ ብሩ ግን ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ነው። የተቆረጠብሽን ቀናት ከእነዚያ ክፍያዎች ጋር እንዲያስተያዩልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ዝም ብለሽ መቅረትሽን በፍጹም አልደግፍም። ርክክብ ሳታደርጊ ብትጠፊ በሌለሽበት ጉድለት ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚንኳኳው የአጎትሽ በር ነው። አስቀድሞ የመስማት መብት አላቸውና ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የፈረሙትንም ወረቀት ይዩት፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በብር ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ከዚህም ሌላ ሳታስጠነቅቂ ብትለቂ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቂ ትችያለሽ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፊ፤ አዲሱ ቦታ ካልጠበቀሽ ጊዜውን እንዲያሳጥሩልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ደብዳቤው ላይ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል መስመር እንዳይገባ፤ አዘጋጅተው ቢያቀርቡልሽም አትቀበይ።

የልምድ ወረቀቱ የክሊራንስ ማስያዣ አይደለም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ሥራ ላይ እያለሽ ነገ ማመልከት ትችያለሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደመወዝሽን እንደተለመደው ለ208 ሰዓት፣ ማለትም ለ26 ቀን በ8 ሰዓት ስናካፍለው ሰዓቱ 30 ብር ይሆናል። ምሳሽ ሲቀነስ በቀን 11 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ 3ቱ ትርፍ ነው፣ በሳምንት 18። አዋጁ በሳምንት ከ12 በላይ አይፈቅድም፤ የአሠሪሽ ጥፋት ግን የሠራሽውን አያስቀርብሽም። የቀኑ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 45 ብር፣ በሳምንት 810 ብር ነው። በዕረፍት ቀን የሠራሽው ሰዓት እጥፍ፣ 60 ብር፤ የሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል፣ 75 ብር።

የሁለት ዓመቱን ሁሉ ግን አታገኚም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል፤ የአሠሪሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። የ26 ሳምንቱ 21,060 ብር ነው፤ አንድ ወር በጠበቅሽ ቁጥር ከኋላው ቢያንስ 3,240 ብር ይረግፋል። ለሥራ አስኪያጁ በቃል መናገር ይርጋውን አያቆመውም። ክስ መመሥረት ያቆመዋል፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑም እንዲሁ። እስካሁን ያስከፈለሽ ይህ ትዕግሥትሽ ነው፤ አላደንቅልሽም።

ማስረጃ በዚህ ሳምንት ሰብስቢ። ከግሩፑ ያስወጡሽ ዕለት ፈረቃውም መልእክቱም ይጠፋል፤ ላኪውና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፣ ለሌላ ሰውም ላኪ። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየዕለቱ ጻፊ፤ አብረውሽ ከሚዘጉት ሁለት ምስክር የሚሆኑሽን ጠይቂ። የድርጅቱን ሰነድ ግን ይዘሽ አትውጪ፣ ክሱ ወደ አንቺ ይዞራል። ዜድ ሪፖርቱ የመዝጊያ ሰዓት ስላለበት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልሽ ትጠይቂያለሽ። ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ማስጠንቀቂያውን፣ የልምድ ወረቀት ማመልከቻውንና የክፍያ ጥያቄውን ሦስት የተለያዩ ደብዳቤዎች አድርገሽ ሁለት ሁለት ኮፒ አዘጋጂና አንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብለሽ አስቀሪ፤ አንቀበልም ካሉሽ በአደራ ፖስታ ላኪና ደረሰኙን ያዢ።