ካርቶኑ ተከፍቷል ብለው ብር ሊቆርጡብሽ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴው ቁስል ነው ያመመኝ። ቲቪ ፒያሳ ገዝተሽ በአራተኛው ቀን ስክሪኑ ላይ መስመር ወጣ። ልትመልሺ ስትሄጂ ደግሞ «ካርቶኑ ስለተከፈተ 4 ሺህ ብር ተቀንሶ ነው» አሉሽ። እኔም ላይ የደረሰው ቁርጥ ይሄው ነው፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ቲቪውን ማንም እንዳይፈታው። «ኬብል ላልቶ ነው፣ የሰፈራችን ልጅ ጎበዝ ነው» ቢሉሽም እንዳትሰሚ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። እናቴ ጎንደር አዘዞ ነው ያለችው። ለጥምቀት እንግዳ ስለሚበዛባት 43 ኢንች ገዛሁላት። በሦስተኛው ቀን ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ጠጋኝ ጠራን፤ ጀርባውን ፈታው፣ ነካካው፣ አልሆነለትም፣ መልሶ አሰረው። በማግስቱ በባጃጅ ጭኜ ሱቁ ወሰድኩት። ባለሱቁ ሶኬት ላይ እንኳን አልሰካውም። ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባው ዞረና የተቀደደችውን ስቲከር በጣቱ አሳየኝ። «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» አለ። ምን ልበል? ለመንኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ። በመጨረሻ 5 ሺህ ብር ቆርጦ መለሰልኝ። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩት ብር ነበር።

2. ቪዲዮ ዛሬውኑ አንሺ። ስታበሪው፣ መስመሩ ሲወጣ፣ ከጀርባው ያለው ሲሪያል ቁጥር፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም ሳይቋረጥ በአንድ ቪዲዮ ይግባ። የመጀመሪያ ቃላቸው «መብራት ነው ያቃጠለው» ነው። ከተማችን ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚመላለስ እነሱም እኛም እናውቃለን፤ እሷን ይዘው ነው የሚከራከሩሽ። ስታብላይዘር ካለሽ እሱም ይታይ።

3. ደረሰኙ ላይ ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማህተም አያስፈራሽ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሐሳብሽን ቀይረሽ ወይም ሌላ ቀለም አምሮሽ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ በባለሱቁ ፈቃድ ነሽ። ያንቺ ግን ብልሽት ነው። ብልሽት ላይ ብር የሚቆረጥበት ምክንያት የለም።

ይሄን አዋጅ ማን ነገረሽ ካልሽኝ፣ ሊነግረኝ የሚገባው ንግድ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ያኔ ስለ ቲቪው ላመለክት ሄጄ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»። ሁለተኛው ቀን «ነገ ነይ»። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አንቺ ደግሞ ለ5 ሺህ ብር! ተስማሙ በቃ» አለኝ። ፊቴ እሳት ሆኖ ነው የወጣሁት። በኋላ ነው የገባኝ፤ በቃል ነበር የማወራው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ማንም አይፈራውም። በጽሑፍ አድርገሽ መዝገብ ቤት ካላስገባሽና ቁጥር ካልያዝሽ እንዳልሄድሽ ቁጠሪው።

አምና ፍሪጅ ስገዛ ያ ሁሉ ትምህርት ሆነኝ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልሻለን» አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ካርቶኑን ከነፎሙ አልጋ ሥር ከተትኩ። በስድስተኛው ቀን ማቀዝቀዝ አቆመ። አልነካሁትም፣ አላስነካሁትም። አንድ ገጽ ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፍኩ፦ የተገዛበት ቀን፣ ሲሪያል ቁጥር፣ ብልሽቱ፣ የአዋጁ ቁጥር፣ የምጠይቀው። ሱቁ ገብቼ «አንዱ ያንተ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ተቀብያለሁ ብለህ ፈርምልኝ» አልኩት። መጀመሪያ «የመክፈቻ 10 ፐርሰንት ይቆረጣል» ሲል የነበረው ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልክ ደወለ። ከሰዓት በኋላ አዲስ ፍሪጅ በራሳቸው መኪና ቤቴ መጣ። አንድ ብር አልከፈልኩም። እናቴ እልል ነው ያለችው።

4. ጠዋት ሂጂ፣ በሥራ ቀን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሱቁ ይጨናነቃል፤ ገፍተው ነው የሚያስወጡሽ። ሻጩን ልጅ አታናግሪው፣ እሱ ተቀጣሪ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቂ። አትጩሂ። እኔ መጀመሪያ ጮኼ ነው «ጠበኛ» ተብዬ የወጣሁት። እምቢ ካሉሽ ያው ደብዳቤ ከእነቪዲዮው በቀጥታ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ በመዝገብ ቤት በኩል።

ከገዛሽ አራት ቀንሽ ነው ብለሻል። 11 ቀን ይቀርሻል ማለት ነው፣ ግን ነገን አታሳልፊ። ካርቶኑን አውጥተሽ ጥለሽው ከሆነም ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሳይመጡ ዛሬ ማታ ፈልጊው። ሕጉ ካርቶን ባይጠይቅም እነሱ ሰበብ ያደርጉታል።