ከእኔ ቴብል ጠፋ፣ ጎረቤቴ ግን አሁንም ያየዋል

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ራውተሮች በተርታ ተያይዘዋል። ሁሉም ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ይሠራሉ፣ ሁሉም ኤሪያ 0 (ኦኤስፒኤፍ ኔትወርክን ከሚከፍልባቸው ክፍሎች አንዱ) ውስጥ ናቸው። አንደኛው ራውተር ሥር 10.20.5.0/24 የሚባል የሰርቨሮች ኔትወርክ አለ። ጠያቂው ይሄ ኔትወርክ ለሦስተኛው ራውተር እንዳይታይ ፈልጎ መሃል ያለው ራውተር ላይ አክሰስ ሊስት (የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን አድራሻ የሚዘረዝር) ጽፎ በዲስትሪቢዩት-ሊስት (መንገድ በሚያጣራ ትእዛዝ) እንዲህ አሰረው፦

አክሰስ-ሊስት 10 ዲናይ 10.20.5.0 0.0.0.255
አክሰስ-ሊስት 10 ፐርሚት ኤኒ
ራውተር ኦኤስፒኤፍ 1
ዲስትሪቢዩት-ሊስት 10 ኢን

«መንገዱ ከመሃለኛው ራውተር ራውቲንግ ቴብል (ከሚጠቀምባቸው መንገዶች ዝርዝር) ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ግን እንደነበረ አለ፤ ከዚያ ፒንግ ሳደርግ ደግሞ አይደርስም። ‹አውት› ብዬ ኢንተርፌስ ልጨምርበት ስል ራውተሩ አልቀበልም አለኝ። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?»

ወንድሜ፣ ሊስቱ ደህና ነው። ያስቀመጥክበት ቦታ ነው ጉድ የሠራህ።

ሪፕና ኢአይጂአርፒ የሚባሉት ሌሎች የመንገድ ፕሮቶኮሎች ለጎረቤት ራውተር የሚናገሩት ራሳቸው ተቀብለው የሚጠቀሙበትን መንገድ ነው። መሃለኛው ራውተር አንድን መንገድ ካልያዘ ወደፊት አያስተላልፈውም። ኦኤስፒኤፍ ጠባዩ ሌላ ነው። የአንደኛው ራውተር ኤልኤስኤ (ስለ ራሱ ግንኙነቶች የሚያሰራጨው መልእክት) እንደታሸገ ደብዳቤ ነው፤ መሃለኛው ይዘቱን ሳይነካ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በአንድ ኤሪያ ውስጥ ያሉ ራውተሮች የእነዚህ ኤልኤስኤዎች ስብስብ የሆነው ዳታቤዛቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበትና ማንም መሃል ላይ ቆሞ ከደብዳቤው መስመር መሰረዝ አይችልም። ዲስትሪቢዩት-ሊስት ኢን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፦ ራውተሩ ስሌቱን ጨርሶ ውጤቱን ወደ ራሱ ራውቲንግ ቴብል ሲያስገባ።

እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። ሦስተኛው ራውተር ሙሉ ዳታቤዝ አለው፤ ወደ 10.20.5.0 የሚወስደው መንገድ በመሃለኛው በኩል ነው ብሎ ያምናል። ፓኬቱን ይልካል። መሃለኛው ግን አንተው ስላስረሳኸው መንገዱን አያውቀውም፣ ይጥለዋል። ብላክ ሆል የምንለው ይሄንን ነው። ኔትወርኩን አልደበቅከውም፤ መንገዱን መሃል ላይ ቆረጥከው። ለማየት ከፈለግህ ሦስተኛው ራውተር ላይ ‹ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ራውተር› በል። አንደኛው ራውተር ባሰራጨው ኤልኤስኤ ውስጥ 10.20.5.0 ስተብ ኔትወርክ (ከኋላው ሌላ ራውተር የሌለበት) ተብሎ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

‹አውት›ስ? ኦኤስፒኤፍ ላይ አውት የሚጠቅመው ከውጭ የመጣ መንገድ፣ ማለትም በሪዲስትሪቢዩሽን ከሌላ ፕሮቶኮል የገባ፣ ኤኤስቢአሩ (የውጭውን መንገድ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚያስገባው ራውተር) ላይ ሲወጣ ለማጣራት ብቻ ነው። ኢንተርፌስ ጨምረህ አይቀበልህም፣ ያየኸው እሱን ነው። ያለ ኢንተርፌስ ብትጽፈው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበልሃል፤ ግን መሃለኛው ራውተር ኤኤስቢአር ስላልሆነ ምንም አይሠራም። እኔ እምቢ ማለቱን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መፍትሔው። መጀመሪያ አንድ ነገር ለይልኝ፦ የምትፈልገው መንገዱ እንዳይታይ ነው ወይስ ሰው ሰርቨሮቹ ጋ እንዳይደርስ?

ሁለተኛው ከሆነ የመንገድ ማጣሪያውን እርሳው። መንገድ መደበቅ በር መቆለፍ አይደለም። ሦስተኛው ራውተር ዲፎልት መንገድ (ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚኬድበት) ወይም 10.20.0.0/16 የሚል ጠቅላላ መንገድ ካለው ፓኬቱ በዚያ በኩል ሄዶ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። የሚያስፈልግህ ፓኬት ላይ የሚሠራ አክሰስ ሊስት ነው። መሃለኛው ራውተር ላይ፣ ወደ ሦስተኛው በሚያየው ኢንተርፌስ፣ በገቢ አቅጣጫ በ‹አይፒ አክሰስ-ግሩፕ› እሰረው፦

አክሰስ-ሊስት 120 ዲናይ አይፒ ኤኒ 10.20.5.0 0.0.0.255
አክሰስ-ሊስት 120 ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ

ሁለተኛዋን መስመር አደራ። ከረሳሃት፣ ሊስቱ ያልተፈቀደውን ሁሉ ስለሚከለክል፣ ራውተሮቹ መኖራቸውን የሚነጋገሩበት የኦኤስፒኤፍ ሄሎ መልእክትም አብሮ ይታገዳል፤ በተለመደው የኢተርኔት አቀማመጥ 40 ሴኮንድ ሲሞላ ጉርብትናው ይፈርሳል።

መደበቅ ብቻ ከሆነ ዓላማህ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ያንኑ ሊስት ከመሃለኛው አንስቶ ሦስተኛው ራሱ ላይ ማድረግ ነው። ይሠራል፤ ግን ከሦስተኛው ኋላ አራተኛ ራውተር ካለ እሱም መንገዱን ያያል፣ እዚያም መጻፍ ሊኖርብህ ነው። ሦስት ራውተር ላይ ያስኬዳል፤ ሠላሳ ላይ ራስ ምታት ነው።

እኔ የምመክርህ ኤሪያ መክፈልን ነው። በመሃለኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን መስመር ኤሪያ 1 አድርገው። የኤሪያ ቁጥር በሁለቱም ጫፍ እኩል መሆን ስላለበት ስትቀይረው ጉርብትናው ለአፍታ ይወድቃል፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት አድርገው። ያኔ መሃለኛው ኤቢአር (ሁለት ኤሪያ የሚያገናኝ ራውተር) ይሆናል። ኤቢአር ከአንዱ ኤሪያ ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን ዓይነት 3 ኤልኤስኤ ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ማስቀረት ይችላል። እዚህ ጋ ግን አክሰስ ሊስት ቦታ የለውም፣ ፕሪፊክስ ሊስት (አድራሻውንም የኔትወርኩን ስፋትም የሚያይ ሊስት) ነው የሚፈለገው፦

አይፒ ፕሪፊክስ-ሊስት ደብቅ ዲናይ 10.20.5.0/24
አይፒ ፕሪፊክስ-ሊስት ደብቅ ፐርሚት 0.0.0.0/0 ኤልኢ 32
ራውተር ኦኤስፒኤፍ 1
ኤሪያ 1 ፊልተር-ሊስት ፕሪፊክስ ደብቅ ኢን

‹ኤልኢ 32› (እስከ /32 ያለውን ሁሉ ማለት ነው) ካልጨመርክ የሚያልፈው ዲፎልት መንገዱ ብቻ ነው። ወደ ኤሪያ 1 የሚያስገባ ሌላ ኤቢአር ካለም እዚያ ድገመው፤ አለዚያ መንገዱ በዚያ በር ይገባል። መሃለኛው የራሱን መንገድ እንደያዘ ይቆያል፣ ብላክ ሆልም አይኖርም።

ፕሮቶኮልህ ኢአይጂአርፒ ወይም ሪፕ ቢሆን ኖሮ በኋላ የሞከርከው ነገር፣ ማለትም መሃለኛው ላይ ዲስትሪቢዩት-ሊስት 10 አውት ብሎ ኢንተርፌሱን መጥራት፣ በትክክል ይሠራልህ ነበር። ሪፕ ላይ ብቻ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሦስተኛው ራውተር የድሮውን መንገድ 180 ሴኮንድ እስኪሞላ ልክ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ከቴብሉ ጨርሶ የሚያወጣው 240 ላይ ነው። መጠበቅ ካልቻልክ ‹ክሊር አይፒ ራውት› በልና አሳጥረው።

ስለ ሊስቱ ራሱም ልጨምር፣ ነገ ይነክስሃልና። ስታንዳርድ አክሰስ ሊስት (እንደ ሊስት 10 አንድ አድራሻ ብቻ የሚጻፍበት) መንገድ ሲያጣራ የሚያየው የኔትወርኩን አድራሻ ብቻ ነው፤ ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚናገረውን፣ እንደ /24 ያለውን) አያይም። 10.20.5.0 0.0.0.255 ስትል 10.20.5.0/24 ብቻ አይደለም የሚያዘው፤ 10.20.5.128/25ም ሆነ 10.20.5.64/26 አብረው ይወድቃሉ። ዋይልድካርዱን (ከአድራሻው ቀጥሎ ያለውን 0.0.0.255) 0.0.0.0 ብታደርገው 10.20.5.128 ያመልጣል፤ ነገር ግን 10.20.5.0/25 ከ10.20.5.0/24 አይለይም፣ ሁለቱም አድራሻቸው አንድ ነው። በማስክ ርዝመት መለየት ካስፈለገህ እዚህም ፕሪፊክስ ሊስት ነው መልሱ።

ኤክስቴንድድ ሊስት (ምንጭም መድረሻም የሚጻፍበት) ብዙ ሰው ያደናግራል። ሪፕና ኢአይጂአርፒ ላይ በምንጭ ቦታ የሚገባው መንገዱን የነገረህ ራውተር አድራሻ ነው፣ በመድረሻ ቦታ ኔትወርኩ። ‹ዲናይ አይፒ ሆስት 10.0.12.1 ሆስት 10.20.5.0› ማለት ይሄን ኔትወርክ ከ10.0.12.1 ከሰማኸው አትቀበል ማለት ነው፤ ከሌላ ጎረቤት ከመጣ ችግር የለም። ቢጂፒ በሚባለው ሌላ የመንገድ ፕሮቶኮል ላይ ይሄው አጻጻፍ ትርጉሙ ይለወጣል፣ ሁለተኛው ቦታ ማስክ ይሆናል። ከቢጂፒ ምሳሌ ኮፒ ፔስት እንዳታደርግ።

ሌላው፣ የሚሠራ ሊስትን ቁጥሩን አጥፍተህ እንደገና ስትጽፍ ዲስትሪቢዩት-ሊስቱን አስቀድመህ አንሳ። የመጀመሪያዋን የዲናይ መስመር ገና እንደጻፍክ፣ ፐርሚቷ እስክትከተል ድረስ፣ ሊስቱ ሁሉንም ይከለክላል። ከርቀት ገብተህ ከሆነ የምትሠራው አንተም አብረህ ትቆረጣለህ። ከመጀመርህ በፊት ኮንፊጉን ሴቭ አድርግና ‹ሪሎድ ኢን 10› በል። ከተቆረጥክ 10 ደቂቃው ሲሞላ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ወደ ድሮው ይመለሳል። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ‹ሪሎድ ካንስል› ማለት እንዳትረሳ፤ አዲሱን ሥራህን ሴቭ የምታደርገው ከዚያ በኋላ ነው።